የ12 ሳምንቱ የተራራ ሳይክል ፕሮግራም፦ እግሩን ወሰድኩ፣ ሆዱን መለስኩ

3,500 ብር ነው የከፈልኩት። በቴሌብር፣ በአንድ ጊዜ፣ ተመላሽ የለውም። የሚሸጠው በቴሌግራም ነው፤ ሻጩ አዲስ አበባ ያለ አሠልጣኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እኔም ላሳጣው አልተነሳሁም። ግን እዚህ ደብረ ብርሃን ቢያንስ አራት ልጆች "እንዴት ነው፣ ይገዛል ወይ?" እያሉ ስለጠየቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የሚሸጠው ለጀማሪ የክሮስ ካንትሪ ተወዳዳሪ የተዘጋጀ የ12 ሳምንት ልምምድ ነው፤ ከነአመጋገቡ። ክሮስ ካንትሪ ማለት ዳገትም፣ ቁልቁለትም፣ ድንጋይም፣ ሥርም ያለበትን አጭር ዙር እየደጋገሙ መዞር ነው። ትልልቆቹ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይፎካከራሉ፤ ጀማሪ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ አትላንታ ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር ነው። ይህንን የነገርኩት አጎቴ "ታዲያ አንተ ኦሎምፒክ ልትሄድ ነው?" አለኝ። ኧረ የለም አጎቴ። እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ 68 ኪሎ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው፣ ሳይክሌም ያገለገለች፣ ከፊት ብቻ ሾክ ያላት ናት። የምፈልገው መጨረሻ አለመውጣት ነበር።

ከጥሩው ልጀምር።

የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ጥቅም ቀስ ብሎ መንዳት ማስተማሩ ነው። ቀልድ ይመስላል አይደል? ከዚህ በፊት እኔና ጓደኞቼ ስንወጣ ሁሌ ውድድር ነበር፤ ከጠባሴ ጀምሮ ማን ይቀድማል፣ ማን ዳገቱን ሳይወርድ ይጨርሳል፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ሞቶ መተኛት። ሁለት ዓመት እንደዚያ ነዳን፣ ሁለት ዓመት እዚያው ነበርን። ፕሮግራሙ ግን በሳምንት አራት ቀን ያስወጣሃል፤ ሦስቱ ቀላል፣ አንዱ ብቻ ከባድ። ሰዓቱ ሲደመር ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ምክንያቱንም በደንብ ጽፎታል፦ ቀላሉ ልብንና ደም ስርን ይሠራል፣ ጡንቻው ስብን ማቃጠል ይለምዳል፣ ድካሙም ስለማይከማች በከባዱ ቀን የእውነት ከባድ መሥራት ትችላለህ። እኛ ስንሠራ የነበረው መሀሉን ነው፤ ለቀላል የሚከብድ፣ ለከባድ የሚቀል።

የመጀመሪያው ወር ግን ያሳፍራል። በአንኮበር መንገድ አንዲት ዳገት ላይ ጀሪካን የጫነች አህያ አልፋኝ ሄዳለች። ባለቤቷ ዞሮ አየኝና "አይዞህ ወንድሜ፣ ተበላሸብህ እንዴ?" አለኝ። አልተበላሸም፣ ፕሮግራም ላይ ነኝ ልበለው?

ቀላሉ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለማወቅ ፋይሉ የልብ ምት ሰንጠረዥ ሰጥቷል። እዚህ ጋ የመጀመሪያው ቅሬታ። ሰንጠረዡ የተሠራው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ቀመር ነው። በእኔ ዕድሜ 186 ይመጣል። እኔ ግን ዳገት ላይ 194 አይቻለሁ፣ አልሞትኩም። ያ ቀመር ለብዙ ሰው አማካይ ነው እንጂ ለአንድ ሰው ልክ አይደለም፤ አሥር ምት ወዲህና ወዲያ ማለት ተራ ነገር ነው። ሌላው ሰንጠረዥ ደግሞ በዋት ነው፤ ፔዳሉን የምትገፋበት ኃይል መለኪያ ማለት ነው። ዋት የሚለካ ፔዳል ያለው ሰው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካለ ይንገረኝ፣ ሄጄ ሳይክሉን አያለሁ።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ከፍታ የሚባል ነገር አንድም ቦታ አለመነሳቱ ነው። ደብረ ብርሃን እኮ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት! ጣርማበር ላይ ስትወጣ 3,000 ታልፋለህ። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቆላ ላይ በቀላሉ የምትነዳው ፍጥነት እዚህ ያስለከልካል። እኛ ለምደነዋል፣ እውነት ነው፣ ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ቁጥር እዚህ አይሠራም። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሳይክል ጭነን ሸዋ ሮቢት ወርደን ነበር። እዚያ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ይተርፈኛል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ገደለኝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግማሽ የማልጨርሰውን ውኃ እዚያ በሰዓት አንድ ሊትር ጨረስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል የማትሞላ የመኪና መንገድ ናት፣ ሰውነት ግን ሌላ አገር ነው የገባው።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ጥዬ በአፌ መለካት ጀመርኩ። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ቀላል ነው፣ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ከወጣልህ ከባድ ነው። የእኔ መለኪያ አቡነ ዘበሰማያት ናት። ሳላቋርጥ እስከ አሜን ከደረስኩ ልክ ነኝ። "ሲሳየነ" ላይ ከተቆረጠብኝ ፍጥነት እቀንሳለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ከሰዓቱ በላይ ትክክለኛ ናት።

ከባዱ ቀን ማክሰኞ ነው። 4 ጊዜ 4 ደቂቃ ዳገት፣ በመሀል 3 ደቂቃ ቀላል። ፋይሉ ላይ አንዲት ጥሩ ምክር አለች፦ አራተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ መጀመሪያው በዝቶብሃል። እኔ ሁሌ የመጀመሪያዋን እንደ አበደ ሰው ነበር የምወጣው። አራተኛዋ ላይ ዛፍ ደግፌ ቆሜ የተገኘሁበት ቀን አለ። ከአራት ሳምንት በኋላ ገባኝ፤ የመጀመሪያዋን "ትንሽ ቀረብኝ" እያልኩ ስጨርስ አራተኛዋም ትመጣለች። በስምንተኛው ሳምንት የ30 ሰኮንድ ሙሉ ጉልበት መነሻ ይጨመራል። ክሮስ ካንትሪ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚነሳው፤ ቀጭኗ የእግር መንገድ ውስጥ ከኋላ ከገባህ ማለፍ የለም፣ የፊተኛውን ጎማ እያየህ ትሄዳለህ። ይሄ መነሻ ልምምድ ብቻውን የብሩን ግማሽ ያወጣል እላለሁ።

በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ልምምዱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህንን ሳምንት አትዝለሉ። እኔ ዘልዬው ነበር፣ "ደህና ነኝ፣ ምን አሳረፈኝ" ብዬ። በአምስተኛው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ሰባት ቀን ተኛሁ። ሌላ አንድ ሳምንት የዘመድ ለቅሶ ወሰደው። 12 ሳምንቱ 14 ሆነ።

የቴክኒክ ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ጥሩ ናቸው። ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ተነስቶ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጎ መቆም፣ ክርንና ጉልበት ሳይገትሩ፣ ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አለመያዝ፣ ዓይንን ጎማው ሥር ሳይሆን ወደፊት መላክ። የምታየው ድንጋይ ላይ ነው የምትወጣው። ይሄን ከባህር ዛፉ ጫካ በላይ የሚያስተምር የለም። የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው። ፊት ፍሬን ትንሽ ስትነካ መሬት ላይ ነህ፤ የግራ ክርኔ ምስክር ነው።

የጎማው ንፋስ ነገር ግን አደገኛ ስህተት ነው። ፋይሉ 22 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል። እሱ ለቲዩብለስ ጎማ ነው። የእኔና የእናንተ ጎማ ውስጥ ቲዩብ አለ። በ22 ወጣሁ፣ የመጀመሪያው የሾለ ድንጋይ ላይ ቸርኬው ቲዩቡን ነክሶ ሁለት ቦታ በሳው፤ እባብ የነደፈው ነው የሚመስለው። ወደ 32 ከፍ አደረግኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልበሳም። አንድ መስመር ማብራሪያ ቢጽፍ ኖሮ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይክል አልገፋም ነበር።

የመልስ አገልግሎቱ ደግሞ ያናድዳል። "በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ" ይላል። የእኔ ፈጣኑ መልስ ሦስት ቀን ወስዷል። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴ ከፊት ለፊት አመመኝ፤ ጻፍኩለት። በአራተኛው ቀን "ጀማሪ ላይ ያጋጥማል፣ በርታ" የሚል መልስ ከጡንቻ ምልክት ጋር መጣልኝ። በርታ ብሎ መድኃኒት! እኔ ግን እስከዚያ አልጠበቅኩም። የሰፈራችን ጎሚስታ ጋሼ ገና ሳይክሏ ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ "አንተ፣ ይሄ ኮርቻ የሕፃን ነው እንዴ?" አለ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት አለኝ። ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። በሳምንቱ ሕመሙ ጠፋ። ሃያ ብር ሰጠሁት፣ "ለዚህማ አልቀበልም" ብሎ መለሰልኝ።

ጋሼ ሳይክል በጣም ነው የሚወደው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም እንደላከች የነገረኝ እሱ ነው። አላመንኩትም፤ በኋላ አጣርቼ እውነት ሆኖ አገኘሁት። እኔ ደግሞ በአጸፋው ኢትዮጵያዊው ሳይክለኛ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልቁን የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስን እንደነዳ ስነግረው "እሱንማ አውቃለሁ፣ ምን ልትነግረኝ ነው" አለኝ።

አሁን ወደ ሆዱ።

የምግቡ ፋይል 18 ገጽ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሌላ አገር ተገልብጦ የመጣ ነው። ቁርስ፦ ኦትሚል ከብሉቤሪ ጋር። ምሳ፦ ሳልመን። መክሰስ፦ የግሪክ እርጎ። ከልምምድ በኋላ፦ ዌይ ፕሮቲን፣ ከወተት የሚሠራው ዱቄት። ሳይክል ላይ፦ በሰዓት ሁለት ጄል፣ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ ወፍራም የስኳር ምግብ። ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ሳልመኑ ከየት ይመጣል፣ ከበሬሳ?" አለች። በሬሳ የከተማችን ወንዝ ነው፣ ለማያውቅ። ሳልመን የለበትም።

ቁጥሮቹ ግን ልክ ናቸው፣ ይሄን ልመስክር። ከአንድ ሰዓት ለሚያልፍ ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይላል፣ ትክክል ነው። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር በከባድ ፍጥነት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የሚያቆየው። ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን ሳህኑ ነው።

ያንን ቁጥር ያመንኩት ደግሞ ተቀጥቼ ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ሁዳዴ ሳይገባ፣ በአንኮበር መንገድ ረዘም ያለውን ጉዞ ወጣሁ። ሻይ ብቻ ጠጥቼ፣ ኪሴ ባዶ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዤ፣ ንፋሱ ደግሞ ከፊት። ሁለት ሰዓት ያህል እንደነዳሁ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኔ ጨለምለም አለብኝ፣ ያለምክንያት ማልቀስ አማረኝ። ሳይክሏን ጥዬ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት እማማ አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ አሞህ ነው?"

"አላውቅም እማማ፣ አቅም አጣሁ።"

ጠጋ ብለው አዩኝና "ጠኔ ነው" አሉ። ገብተው የገብስ ቆሎ በእፍኝ፣ እርጎ በጣሳ ይዘው መጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሆንኩ። ፋይሉ ላይ ይሄው ነገር "የግላይኮጅን መሟጠጥ" ተብሎ አንድ ገጽ ተኩል ተጽፏል። እማማ በአንድ ቃል ጨረሱት። ብር ልስጥ ብል ተቆጡኝ፤ "ሂድ፣ ሁለተኛ ሳትበላ እንዳትወጣ" ብለው ሸኙኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፋይሉን ዘግቼ ከእማዬ ጋር ጓዳ ገባሁ። ከባለሱቁ ሚዛን ተውሼ ሁሉንም መዘንኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ ይሄ የራሴ ሙከራ ነው፣ የእሱ ፕሮግራም ውስጥ አታገኙትም።

በሶ። የገብስ አገር ላይ ቁጭ ብሎ ጄል መግዛት ለእኔ ነውር ነው የሚመስለኝ፤ የአንድ ጄል ዋጋ ከአንድ ኪሎ ገብስ ይበልጣል። 60 ግራም በሶ ወደ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ስትጨምርበት 60 ትደርሳለህ። ትንሽ ጨው፣ ውኃ፣ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጠንከር አድርጎ በእጅ ጨብጦ በላስቲክ መያዝ። ለረዥምና ለቀላል ጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም። ጠዋት ብርድ ላይ ከጠርሙስ አልወጣ ይላል፣ ስለዚህ ቀጭን አድርጉት።

ግን በሶን አምላክ አታድርጉት። ማክሰኞ ከ4 በ4 በፊት አንድ ሰዓት ሲቀረኝ ጠጣሁና ሆዴ ውስጥ ሲሚንቶ የተቦካ መሰለኝ። ገብስ አሠር ይበዛዋል፤ አሠር ለጤና ጥሩ ነው፣ ልብ በ180 ሲመታ ግን ደም ወደ እግር ሄዷል፣ ሆድ አይፈጭም። ጭኮማ ከነቅቤው ጭራሽ አይሞከርም። የሸኖ ቅቤ ያለበትን ጭኮ እኔም እወዳለሁ፣ ከልምምድ በኋላ ወይም ለእግረኛ ስንቅ ግሩም ነው፣ ስብ ግን ሆድ ውስጥ ይቆያል። ከባድ ቀን ላይ የሚሠራው ተራ ስኳር ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም አምስት የሾርባ ማንኪያ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ሎሚ። ስኳር ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ውዶቹ መጠጦች ውስጥም ያለው ይኸው ነው፣ ከነሱ የሚለየው ቀለሙ ነው። ሙዝ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ወገን ይመጣል፣ አንዱ ወደ 25 ግራም ይሰጣል፣ ልጣጩም ራሱ ላስቲክ ነው። ብቻ ኪስ ውስጥ ከወደቃችሁበት ማሊያውን ለሚያጥበው ሰው ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ጾም። እዚህ ላይ ነው ፋይሉ ጨርሶ የተወኝ። ፕሮግራሙ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ መሀሉ ላይ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። ፋይሉ ውስጥ ጾም የሚል ቃል የለም፤ እንቁላል፣ ዌይ፣ እርጎ፣ እንቁላል። ጻፍኩለት። መልሱ "የእፅዋት ፕሮቲን ዱቄት መጠቀም ይቻላል" ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር የአገሬ ልጅ እንዴት ሁዳዴን ይረሳል? ዱቄቱማ አለን፣ ሽሮ ይባላል።

እኔ እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ስለዚህ ጊዜውን ገለበጥኩት። ከባዱን ልምምድ ከጠዋት ወደ 11 ሰዓት ተኩል ማታ ወሰድኩ፤ 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ምግብ በልቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቼ። ንፋሱ ማታ ይበረታል፣ ይጨልማልም፣ መብራት ያስፈልጋል፣ ግን ከባዶ ሆድ ይሻላል። ጠዋት ላይ 45 ደቂቃ ቀላል ብቻ፣ ያውም እግሬ እሺ ካለ። የቅዳሜውን ረዥም ጉዞ ወደ ሁለት ሰዓት አሳጠርኩትና እሱንም ከሰዓት አደረግኩት። በነዚያ ሳምንታት ፈጣን አልሆንኩም፣ ግን አልወረድኩም። እሑድ ጠዋት ያለውን ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የሰረዝኩት፤ ቅዳሴ አለብኝ።

ፕሮቲኑን በተመለከተ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ይላል፣ ለእኔ ወደ 110 ግራም በቀን። በጾም ይሄን መሙላት ሥራ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም አካባቢ አለው፣ 100 ግራም ኦቾሎኒም እንደዚያው። ምሳ ሽሮ፣ ማታ ምስር ወጥ፣ መሀል ላይ ኦቾሎኒና የባቄላ ቆሎ፣ ሱፍ ፍትፍት። 90 ግራም አካባቢ ደርሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ሆዴ እምቢ አለ። እግሬ ግን አልቀነሰም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ምስርና ጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት በደንብ የሚገባው ሎሚ ወይም ቃሪያ ሲኖርበት ነው፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታል። ስለዚህ ቡናውን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት አቆይታችሁ ጠጡ። ይሄን ለእማዬ ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ከ12 ሳምንቱ ይበልጣል።

ውድድሩ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነበር። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባህር ዛፍ ውስጥ የተሠመረ ዙር ነው፣ 19 ሰው፣ ሽልማቱ በግ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ዶሮው ገና አላለቀም። ዋዜማው ማታ እማዬ ዶሮ ወጡን ከነእንቁላሉ አቀረበች።

"እማዬ፣ ነገ ውድድር አለብኝ፣ ቅባት አይሆንም።"

"55 ቀን ሙሉ ሳትበላ ቆይተህ ለሳይክል ብለህ ዶሮ ትተዋለህ?"

ምን ትላላችሁ? አንድ እግር በላሁ። እንጀራውን ግን አበዛሁ፣ ከወጡ ቀነስኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቅንጬ ያለቅቤ፣ በማር፣ አንድ ሙዝ። 2 ሰዓት ላይ አንድ ስኒ ቡና፤ አቦሏ ትበቃለች፣ እስከ በረካ ከሄዳችሁ መነሻው ላይ ሽንት ቤት ነው የምትፈልጉት። 3 ሰዓት ተነሳን። ሳይክሉ ላይ የያዝኩት ግማሽ ሊትር የስኳር ውኃ ብቻ ነበር፣ እሱንም አልጨረስኩም። 50 ደቂቃ ለምትፈጅ ውድድር መሀል ላይ የምትበላው ነገር ብዙ ለውጥ የለውም፣ ሥራውን የሚሠራው ቁርሱ ነው። ፋይሉ ግን ለዚህችም ሁለት ጄል ያዛል።

መነሻው ላይ 6ኛ ሆኜ ጫካ ገባሁ። የ30 ሰኮንዱ ልምምድ! በሁለተኛው ዙር ሦስት ልጆች አለፉኝ፣ በሦስተኛው ቁልቁለት ላይ አንዱ ወድቆ አገኘሁትና አለፍኩት፣ መጨረሻው ዳገት ላይ ሌሎች ሦስት አለፉኝ። 11ኛ ወጣሁ። በጉን የበላው ከእኔ በ15 ዓመት የሚያንስ፣ ፕሮግራምም ጄልም የማያውቅ የመንዝ ልጅ ነው። ምን በልተህ መጣህ ብለው "ቂጣ" አለኝ።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ልምምዱ ከ10 8፣ ምግቡ 3፣ ያውም ለቁጥሮቹ ስል፣ የመልስ አገልግሎቱ 4። ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነና ሁሌ ጥርስ ነክሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግዙት፣ ቀስ ማለትን ለመማር ያወጣል። ቡድን ካላችሁና አንድ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ገንዘቡን ለሄልሜትና ለጥሩ የፊት ጎማ አውሉት። ሳትገዙት በፊት ሁለት ጥያቄ ላኩለት፣ የሚመልስበትን ቀን ቁጠሩ፣ ያንን ነው የምታገኙት። ክረምት ላይ አትጀምሩት፤ መረሬው ጭቃ ጎማና ሹካው መሀል ገብቶ ሳይክሉን ትሸከሙታላችሁ እንጂ አትነዱትም። ከመስቀል በኋላ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ውርጭ ስላለ ብቻ ጓንት ያዙ። በዋናው አስፋልት ወደ ጫጫ በኩል ቀላሉን ልምምድ አትሥሩ፣ ሲኖትራኩ ቀላል አይደለም። ራቅ ወዳለ ቦታ ስትወጡም የመንገዱን ሰላም ጠይቃችሁ ውጡ። የበግ ውሻ ካጋጠማችሁ ወርዳችሁ ሳይክሏን በመሀላችሁ አድርጉ፤ ከሮጣችሁ አለቀ፣ የ4 ደቂቃው ኢንተርቫል የዚያን ቀን ባላሰባችሁት ሰዓት ይሠራል።

ባለፈው ሳምንት ለአሠልጣኙ የበሶውንና የጾሙን ማስታወሻዬን ላክሁለት። በአምስተኛው ቀን መለሰ፣ "ይሄንን ፋይሉ ውስጥ ላስገባው?" አለኝ። አስገባው አልኩት። ቀጣዩን ፕሮግራም ያለምግቡ በግማሽ ዋጋ እንዲሰጠኝ ጠይቄዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ገና አላየውም።